ነጥቡ የትምህርት ቤቱን ስም አይጠይቅም

እኛ የሞያሌ ነጋዴዎች ልጅ ሃይስኩል ሲደርስ የማይቀርልን ክርክር አለ፤ እዚህ ኬንያ ይማር ወይስ ኬላውን ተሻግሮ ኢትዮጵያ? እኔ ግን ከአገሩ በፊት ትምህርት ቤቱን እዩ እላለሁ።

ኬንያ ውስጥ ለዲግሪ የሚያበቃው ዝቅተኛ ውጤት ሲ ፕላስ ነው። ተማሪዎችን የሚመድበው ኬዩሲሲፒኤስ የሚያየው የኬሲኤስኢ ውጤትንና ለተመረጠው ሙያ የሚያስፈልጉትን አራት ትምህርቶች ነው። ስመ ጥር ትምህርት ቤት መማር ብቻውን ነጥብ አይጨምርም። ታዲያ የትምህርት ቤት ልዩነት ምኑ ላይ ነው? በእኔ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ።

የልጄ ምኞት መሐንዲስ መሆን ነው። ፎርም ሁለትን ስትጨርስ ትምህርት ቤቷ መምህር ስለሌለው ከዚያ በኋላ ፊዚክስ እንደማይሰጥ ነገረን። ፊዚክስ ያልተፈተነ ልጅ ሌላውን ሁሉ ኤ ቢያመጣም ምህንድስና አይገባም። ፈተናው ሁለት ዓመት ሲቀረው በሩ ሊዘጋ ነበር። ከባለቤቴ ጋር ተማክረን ማርሳቢት አዳሪ ትምህርት ቤት አስገባናት። ክፍያው ከሱቁ መንቀሳቀሻ ገንዘብ ላይ ነው የሚወጣው። ውጤቷን ገና አናውቅም፤ ቢያንስ ግን ፊዚክስ ትፈተናለች።

ማዶም ነገሩ ያው ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብተው ሲፈተኑ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ1,000 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም፤ ያስፈተኗቸውን በሙሉ ያሳለፉ ጥቂቶችም ነበሩ። ፈተናው አንድ፣ ማለፊያውም አንድ ነበር። የተለየው ልጆቹ የተማሩበት ቤት ነው።

ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት ጠይቁ። የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪና የሒሳብ መምህር አለ? ቤተ ሙከራውስ ይሠራል? ባለፈው ዓመት ስንት ልጅ ተፈትኖ ስንቱ ሲ ፕላስ አመጣ? በአዲሱ የኬንያ ሥርዓት ደግሞ ከ10ኛ ክፍል ጀምሮ ከሦስት መስመሮች አንዱ ስለሚመረጥ፣ ልጃችሁ የሚፈልገው መስመር እዚያ መኖሩን አረጋግጡ። የኢትዮጵያ ዜግነት ያላቸው ልጆች ወላጆች አንድ ተጨማሪ ነገር አለባችሁ፦ በኬንያ መንግሥት ወጪ መመደብ ለአገሩ ዜጎች ስለሆነ ወረቀቱን አስቀድማችሁ አጣሩ።

ዕቃ ስንገዛ ካርቶኑን ከፍተን እናያለን፤ ትምህርት ቤትንም እንዲሁ ነው።