የእሜቴ ማዕድ

በአገራችን መውደድ በጣት ይመሰከራል። የምንወደውን እናጎርሳለን፤ እምቢ ሲል እንማጸነዋለን፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ብለን ሁለተኛውን እናስከትላለን። እኔም ሠላሳ ዓመት እስኪያልፈኝ ድረስ ከዚህ የተለየ የፍቅር ቋንቋ ያለ አይመስለኝም ነበር። ሌላውን ቋንቋ ያስተማረችኝ አንዲት ኤሊ ናት።

ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ጠባብ ክፍል ተከራይቼ ሰባት ዓመት ኖሬያለሁ። ቀን ቀን በባንክ መስኮት የሰው ገንዘብ እቆጥር፣ ማታ ማታ በዚያች ክፍል ግጥም እሞክር ነበር። ሁላችንም «እማማ» የምንላቸው አከራያችን፣ ከተከራዮቹ ሁሉ የምትቀድም ነባር ነዋሪ ነበረቻቸው። ሟቹ ባለቤታቸው የጭነት መኪና ሾፌር ሳሉ፣ ደርግ ከመውደቁ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ከሞያሌ መንገድ ያመጧት ኤሊ ናት። ለማንም አትቸኩልም፤ ለማንም መንገድ አትለቅም። ስለዚህ ሰፈሩ «እሜቴ» ይላት ነበር።

እማማ እሜቴን እንደ ሰው ነበር የሚያበሏት። ቀትር ላይ ፍርፍር፣ ማታ ወተት የነካው ዳቦ፤ በጾም ደግሞ ወተቱ ቀርቶ በሻይ የራሰ ዳቦ። «ጾሜን ትጹም እንጂ ረሃቤን አትራብ» ይሉ ነበር። በዚህ ላይ ከአትክልት ተራ የሚለቀም የጎመንና የሰላጣ ቅጠል አይጠፋም። አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት መጀመሪያ ወደ ጃንሜዳ፣ ኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ሲዛወር ግን ቅጠሉ ቀረ፤ ፍርፍሩ በዛ።

አንድ ነገር ዛሬም ይቆጨኛል። በበዓል ቀን ለቡናው ቄጤማ ሲጎዘጎዝ፣ እሜቴ ከተደበቀችበት ወጥታ ጉዝጓዙን መቆረጣጠም ትጀምራለች። እኛም «ኧረ በዓሉን በላችው!» እያልን፣ እየሳቅን፣ በእግራችን ገፋ እናደርጋታለን። ሰባት ዓመት ሙሉ ስትነግረን አልሰማናትም።

በ2016 ዓ.ም.፣ የዓድዋ ድል መታሰቢያ በተመረቀ ሰሞን፣ የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ የእኛም ግቢ ፈረሰ። እማማ ከከተማው ዳር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ቤት ደረሳቸው። እሜቴ ደረጃ አትወጣም። እኔ ወደ ሰባ ደረጃ አካባቢ ትንሽ ጓሮ ያላት ክፍል አግኝቼ ነበርና፣ በመጨረሻው ቀን ኤሊዋን በነጠላቸው ጠቅልለው አስረከቡኝ። «ፍርፍሯን አደራ» አሉኝ።

አደራዬን ጠበቅሁ። በሁለተኛው ወር እሜቴ መብላት አቆመች፤ ዓይኖቿ አበጡ፤ የኋላ እግሮቿን መጎተት ጀመረች። በካርቶን ይዣት እንስሳት ሐኪም ዘንድ ሄድሁ። ሐኪሙ፣ እኔ የዕድሜ ጌጥ ይመስለኝ የነበረውን፣ እንደ ተራራ ጫፍ ጫፉ የሾለውን ድንጋይ ልብሷን በጣቱ እየዳሰሰ፣ «ይህ ጌጥ አይደለም፤ ለስለስ ብሎ ማደግ ነበረበት። የማይስማማ ምግብ፣ የካልሲየም እጥረትና ድርቀት ሲደራረቡ እንዲህ ያደርጋሉ» አለኝ። የእሜቴ ዝርያ ስሟን ከነብር ቆዳ የተዋሰችው፣ ከእኛ ቆላ እስከ አህጉሩ ደቡብ ጫፍ በሣር ምድር የምትኖረው ኤሊ መሆኗን ያን ቀን ተረዳሁ። ሣር በል ናት።

ከዚያ ወዲህ ማዕዷን እንዲህ አሰናዳለሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናትና፣ ሌሊቷ ለቆላ ፍጡር ጽኑ ብርድ ነው። ኤሊ ሙቀቷን የምታገኘው ከውጭ ስለሆነ፣ ሳትሞቅ የበላችው ሆዷ ውስጥ ሳይፈጭ ይቀመጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ፀሐይ፣ ቀጥሎ ውኃ፣ ከዚያ ምግብ። ለብ ያለ ውኃ ከአገጯ ዝቅ እስኪል በሳፋ አድርጌ ሩብ ሰዓት አቆያታለሁ፤ እዚያው ትጠጣለች።

የማዕዱ አብዛኛው ሣር ነው፤ ሰርዶ ካገኘሁ ሰርዶ። ከአስፋልት ዳር አላጭድም፤ ጭስ የጠጣ፣ መድኃኒት የተረጨ ሣር ምግብ አይደለም። በበጋ፣ ሣሩ ሲደርቅ፣ የጤፍ ጭድ በመቀስ አሳጥሬ፣ ውኃ አርከፍክፌ እጨምርበታለሁ። የበለስ ቅጠል ሳገኝ እሾሁን ልጬ እቆራርጣለሁ፤ ወተት የሚያፈሰው ቁልቋል ግን መርዝ ነውና ከዚያ ጋር ማምታታት አይገባም። ጎመን አልፎ አልፎ ትቀምሳለች። ቆስጣ ካልሲየሙን አስሮ ስለሚያስቀር፣ አቮካዶም ስለሚጎዳት አላቀርብም። ሙዝና ማንጎ ሆዷን ያውካሉ። የእንቁላል ቅርፊት ቀቅዬ፣ አድርቄ፣ በሙቀጫ ወቅጬ በሳምንት ሁለት ቀን እነሰንስበታለሁ። ሁሉንም የማቀርበው በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ነው፤ አፈር እንዳትውጥ ይጠብቃታል፤ አፏንም ይሞርድላታል። መጠኑ በግምት የጀርባዋን ያህል ክምር ነው። ከዚያ ትቻት እርቃለሁ። እሜቴ ሲያዩአት አትበላም።

ያበጡት ዓይኖቿ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተከፈቱ፤ እግሮቿም በረቱ። የጀርባዋ ጉብታ ግን አይመለስም። የበቀለ በቅሏል።

ባለፈው ጥቅምት እማማ ሊጠይቁን መጡ። ገና ሳይቀመጡ የምሳ ዕቃቸውን ከፈቱ፤ ፍርፍር ነው። የቄጤማ እስር ደግሞ ጓሮው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አዩ።

«ምነው ልጄ፣ ልጄን ከብት አደረግሃት?»

በመሥሪያ ቤቴ የጎደለ ሒሳብ መስኮቱ ከመዘጋቱ በፊት ይነገራል። ይህን ጉድለት ግን እንዴት አድርጌ ልንገራቸው? ሠላሳ ዓመት የወደዷት በዚያ ፍርፍር ነው። ዝም ማለትም፣ መዋሸትም ቃጣኝ። በመጨረሻ ያልሁት ይህን ነው፦

«እማማ፣ ጤፍም እኮ የሣር ወገን ነው። እርስዎ ፍሬውን ሰጧት፤ የእሷ ድርሻ ጭዱ ነበር።»

ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ጎንበስ ብለው የእሜቴን ጉብታ አንድ በአንድ በመዳፋቸው ዳሰሱ።

«ታዲያ ሠላሳ ዓመት ከአጠገቡ ስቼ ኖርሁ በለኛ።»

መልስ አልነበረኝም። እሳቸውም አልጠበቁኝም። ከእስሩ ጥቂት ቄጤማ መዘው ድንጋዩ ላይ አስተካክለው አኖሩላት፤ ወደ ኋላም አፈገፈጉ። እሜቴ አንገቷን አወጣች፤ ቆረጠች፤ አኘከች። እማማ እጃቸውን ታጥበው ወደ ምሳ ዕቃው ተመለሱ፤ ከፍርፍሩ አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው ወደ አፌ ዘረጉ።

«እንግዲያው አንተ ጉረስ።»

ጎረስሁ። ሁለተኛውም ተከተለ።

በመውደዳችን ላይ ማወቅ ካልታከለ፣
ጉርሻም ድንጋይ ሆኖ በጀርባ በቀለ፤
ቄጤማሽን ነጥቀን ፍርፍር ስናጎርስ፣
ዓመታት አለፉ አንቺ ዘንድ ስንደርስ።