የምጠራበት ድምፅ

ላሊበላ ላይ ለአንድ ሎጅ ሠራተኛ የምመለምለው እኔ ነኝ። ማስታወቂያ ለጥፌ ማመልከቻ መጠበቅ ከተውኩ ቆይቷል። አሁን የሎጁን ሠራተኛ ስልክ ፊት አቆማታለሁ። ከየት እንደመጣች፣ እንዴት እንደተቀጠረች፣ አልጋ ማንጠፍና እንግዳ መቀበል ከማን እንደተማረች በራሷ አንደበት ትናገራለች። እኔ ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ እለቀዋለሁ። ከቢልባላ፣ ከኩልመስክ፣ ከገነተ ማርያም ልጆች የእሷን ስም እየጠሩ ይመጣሉ።

ኑዛዜ ከሆነ ከዚህ ልጀምር፦ ይህ ኃይል ያስደስተኛል። እኔ ብናገር ማንም አይሰማኝም። የላስታ ልጅ የላስታን ልጅ ታምናለች፤ እኔ ደግሞ ያንን እምነት ለሥራዬ አውለዋለሁ።

መንገዱን ግን እኔ አልጀመርኩትም። የወሎን ልጆች ቀድሞ በስልክ የጠራቸው ዐረብ አገር ነው። ሪያድና ቤይሩት ያሉ እህቶቻችን በዕረፍት ቀናቸው አምረው ይቀረጻሉ፤ ከኋላቸው የሚያብረቀርቅ የገበያ አዳራሽ ይታያል። የሚተኙበት ወለል፣ አሠሪዋ የያዘችው ፓስፖርት፣ እስከ እኩለ ሌሊት የሚዘልቀው እጥበት አይታይም። ለረጅም ጊዜ ውሸታሞች አድርጌ አስባቸው ነበር፤ ዛሬ እንደዚያ አላስብም። ቪዲዮውን እናት ታየዋለች። ልጅ ለእናቷ የምታሳየው ደህንነቷን ነው፤ መከራውን የምትውጠው ስለምትወዳት ነው። ያንን ፍቅር ለቅጥር የሚጠቀምበት ደላላው ነው። በ2015 ዓ.ም. መንግሥት ግማሽ ሚሊዮን ሴቶችን በቤት ሠራተኝነት ወደ ሳዑዲ ለመላክ ሲነሳ ደግሞ ጥሪው በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የፌስቡክ ገጾች ሳይቀር ወጣ፤ ዕድሜ ከ18 እስከ 40፣ ደመወዝ በወር 1,000 ሪያል። ኮምፒውተር የሚያውቁ ወጣቶች ደግሞ በታይላንድ ሥራ ስም ተጠርተው ማይናማር ባሉ የማጭበርበሪያ ካምፖች ታጎሩ፤ በ2017 ዓ.ም. ከዚያ ከወጡት መካከል ብዙ ኢትዮጵያውያን ነበሩ።

ታዲያ የእኔ ጥሪ ከእነዚህ በምን ይለያል? ራሴን ስጠይቅ መልሱ ቶሎ አይመጣልኝም። ልጆቹ የሚናገሩት ሁሉ እውነት ነው፤ አንድም ቃል አልሰጣቸውም። ወራቱን ግን የምመርጠው እኔ ነኝ። የምቀርጸው ለገና ሰሞን ነው፤ ክፍሉ ሞልቶ፣ ምእመኑ ከየአገሩ በእግሩ ገብቶ፣ ቤተ ማርያም ላይ ቤዛ ኩሉ ሊዘመር ከተማው በሙሉ ነጭ ለብሶ። ሐምሌን ቀርጼ አላውቅም። በሐምሌ አሸተን ተራራ በጉም ይዋጣል፣ ከሹምሽሃ አውሮፕላን ማረፊያ የሚመጣው መኪና ባዶውን ይመለሳል፣ ከሠራተኛው ግማሹ ቤቱ ይሰነብታል።

አንድ ቀን ከልብስ ማጠቢያ ክፍል የመጣች ልጅ ልቀርጻት ስል «ጋሼ፣ ደመወዙንም ልንገራቸው?» አለችኝ። ባትጠይቀኝ ብዬ ተመኘሁ። በአገራችን ለግል ድርጅት ሠራተኛ በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝ የለም፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን እስከ 60 የሥራ ቀን ይፈቅዳል፤ የቀረው ውል ነው። የእኛ ሥራ ደግሞ ኑሮ የሚሆነው በቲፕ ነው፣ ቲፕ የሚገኘው እንግዳ ሲኖር ነው። እንግዳ ደግሞ በ2012 በኮሮና፣ በ2013 ክረምት በሰሜኑ ጦርነት፣ በነሐሴ 2015 እንደገና በውጊያ ጠፍቷል። እሷ ይህንንም ልትናገር ፈልጋ ነበር። ተኩስ እየተሰማ አንሶላ እያጠፈች ስለመቀመጧ፣ ቤቱን ስለጠበቁት ዘበኞች። በእኔ እይታ ስለ ሥራችን ከተነገረው ሁሉ የሚበልጠው ታሪክ ይኸው ነው። ግን ያንኑ ቪዲዮ ሥራ ፈላጊዋም፣ ክፍል ሊይዝ ያሰበው ቱሪስትም ያያል። ለአንዷ ሐቀኛ ስሆን ሌላውን አስፈራለሁ፤ እሱ ካልመጣ ደግሞ እሷን የምቀጥርበት የለኝም።

ከዚህ በታች ያለውን ለመናገር ይከብደኛል። ልጆቹ እዚሁ እንዲቀሩ የምፈልገው ለእነሱ ብዬ ብቻ አይደለም። አብረውኝ ከተማሩት ብዙዎቹ የሉም፤ በወልድያ አድርገው፣ በአፋር በረሃ አቋርጠው፣ ባሕር ተሻግረው ሄደዋል። ዐሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት ዓለት ናቸው፣ አይሄዱም። በእንግዳ እጅ ላይ ውኃ የሚያፈሰው፣ መንገድ የሚያሳየው፣ «እንኳን ደህና መጡ» የሚለው ሰው ግን ይሄዳል። ላሊበላ ያለ ልጆቿ ቅርስ ብቻ ሆና እንድትቀር አልፈልግም። ይህ ፍላጎት የእኔ ነው፤ የእነሱን ዕድሜ ግን ይጠይቃል።

በመጨረሻ ልጅቱ ተናገረች። ደመወዙን በብር፣ ክረምቱን በወር፣ የውጊያውን ዘመንም በአጭሩ። የሎጁ ባለቤት ቅር እያለው ፈቀደ። የመጡት አመልካቾች ከወትሮው አነሱ። ከመጡት ግን «ክረምት ላይ ስንት ይቀረኛል?» ብለው የሚጠይቁ ነበሩ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም።

የዚያችው ልጅ የአክስቷ ልጅም ቪዲዮውን አይታዋለች። የእኛን ደመወዝ ከሪያሉ ጋር አስልታ፣ በሕጋዊ ኤጀንሲ ተመዝግባ ወደ ሳዑዲ ሄደች። ደላላ አልበላትም፣ በረሃ አላቋረጠችም፣ የምትተወውንም የምትሄድበትንም አውቃ ነው የወሰነችው። ቪዲዮው የታሰበለትን ሠርቷል። እኔ ግን ወሬውን ስሰማ አዘንኩ፤ ያዘንኩትም ለእሷ ሳይሆን ለሎጁ ስለቀረችብኝ ነበር።