ቤቱን የባረክነው እኛ ነበርን

የንባብ ክፍል፦ ነህምያ 5፥1-13



ጊዜው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 2009 ነበር። በዋሽንግተን ዙሪያ ብዙ ወገኖቻችን ወለዱ በሚቀያየር ብድር ቤት ገዝተው፣ ወርሃዊ ክፍያው ሲያሻቅብና የቤት ዋጋ ሲወድቅ የሚይዙት የሚጨብጡት ጠፍቷቸው ነበር። ሜሪላንድ የሚኖሩ ባልና ሚስት ለወራት ከጉባኤ ሲጠፉብን ልንጠይቃቸው ሄድን። እህታችን ቡና ካፈላች በኋላ ተነሥታ የወጥ ቤቱን መሳቢያ ሳበችው። ከባንክ በመጡ፣ ባልተከፈቱ ደብዳቤዎች ተሞልቷል።

የቤት ሽያጭ ሥራ የሚያውቅ አንድ ወንድማችን ስለ ሾርት ሴል አስረዳቸው። ባንኩ ከፈቀደ ቤቱ ከዕዳው ባነሰ ዋጋ ይሸጣል፤ ገንዘቡን ባንኩ ይወስዳል። ለሻጮቹ የሚተርፍ ነገር ባይኖርም ቤቱ በሐራጅ ከመወሰዱ በፊት በሥርዓት ይወጣሉ። ፈቃዱ ወራት ሊወስድ ስለሚችል መዘግየት አያዋጣም።

እነርሱ ግን ልባቸው አልፈቀደም። ገዢ ቤቱን ሊያይ ሲመጣ በሩ አይከፈትም። ሐበሻ ጎረቤት እንዳያይ፣ ለሽያጭ የሚለው ሰሌዳ ደጃቸው እንዳይተከል ለመኑ። እኛም ግትርነት መስሎን ገሠጽናቸው። ወንድማችን አንገቱን ደፍቶ ከቆየ በኋላ፣ “ፓስተር፣ ‘ይህን ቤት ጌታ ሰጣችሁ’ ብላችሁ የጸለያችሁት እኮ እናንተ ናችሁ። አሁን ምን ብለን እንመስክር?” አለን።

መልስ አልነበረንም። በዚያ ሳሎን ቆመን ባርከናል፤ እሑድ ለምስክርነት አስነሥተን ጉባኤውን እልል አስብለናል። “ወለዱ ስንት ነው? ሲጨምርስ ትችሉታላችሁ?” ብሎ የጠየቀ ግን ከመካከላችን አልነበረም። በረከትን በቤት ስለለካን፣ ቤቱ ሲሄድ ጌታም የተዋቸው መሰላቸው። ያን ምሽት ይቅርታ ጠየቅናቸው።

ሥራው የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ባንኩ ከፔይስታብና ከታክስ ወረቀት ጋር፣ መክፈል ያልቻሉበትን ምክንያት የሚገልጽ ደብዳቤ ይጠይቃል። ጠረጴዛውን ከበን ተቀመጥን። እህታችን “መክፈል አቅቶናል” የሚለውን ጽፋ እንባዋ መጣ። “ይህን ለባንክ ከመጻፋችን በፊት ለቤተ ክርስቲያን መናገር በቻልን ኖሮ” አለች።

በነህምያ ዘመን ሕዝቡ ስለ እህል እርሻውንና ቤቱን በመያዣ ሰጥቶ ነበር። ጭንቀቱን ግን አልደበቀም፤ ጮኸ። ነህምያም ሰማ። አለቆቹን ሲወቅስ፣ እርሱና ወንድሞቹም እንዳበደሩ አልሸሸገም። ራሱን ከበደለኞቹ ጋር ቆጥሮ ነው “እንተው” ያለው። እረኝነት እንዲህ ነው።

ከወራት በኋላ ቤቱ ተሸጠ። ባንኩ ቀሪውን ዕዳ እንደማይጠይቅ በጽሑፍ ከተቀበሉ በኋላ ፈረሙ። ዕቃቸውን ተሸክመን ወደ ኪራይ አፓርትማ ወሰድን፤ በጠባቡ ሳሎን ተጠጋግተን ጸለይን። ያን ቀን ስለ ቤቱ አልጸለይንም። ስለ እነርሱ ጸለይን።

ወገኖች፣ ያልተከፈተ ደብዳቤ በመሳቢያችሁ ካለ ዛሬውኑ ለምታምኑት ሰው አሳዩ። እኛ አገልጋዮች ደግሞ ቤት ልንባርክ ስንሄድ፣ የቤቱን ሸክም እንጠይቅ።

ጌታ ሆይ፣ ወገን ችግሩን ሳያፍር የሚናገርባት ቤተ ክርስቲያን አድርገን። አሜን።