ሴንት ሞናንስ፦ ከፎቶው ጀርባ ያለችው መንደር

ስኮትላንድን የሚጎበኝ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ የኤድንብራን ጥንታዊ ግንብ አይቶ ወደ ሰሜን ተራሮች ያቀናል። ከኤድንብራ ማዶ፣ ፈርዝ ኦፍ ፎርዝ ከሚባለው የባሕር ወሽመጥ ባሻገር ያለው የፋይፍ ጠረፍ ግን የራሱ ወዝ አለው። ኤሊ፣ ሴንት ሞናንስ፣ ፒተንዊም፣ አንስትረዘርና ክሬል የተባሉ የዓሣ አጥማጆች መንደሮች በባሕሩ ዳር ተደርድረዋል። ባለፈው ጥቅምት ካሜራዬን ይዤ ሁለት ቀን የቆየሁት በሴንት ሞናንስ ነው። ከኤድንብራ በአውቶቡስ ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስዳል።

መንደሯ ትንሽ ናት። ቤቶቹ ቀይ የሸክላ ክዳን ለብሰው ወደቡን ከበው ይቆማሉ። የአንዳንዶቹ የጎን ግድግዳ ጫፍ እንደ ደረጃ ተቆርጦ የተሠራ ነው።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሳው ቤተ ክርስቲያኑን ነው። ንጉሥ ዳዊት ዳግማዊ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ይህ የድንጋይ ሕንፃ ከባሕሩ ጥቂት ሜትሮች ብቻ ይርቃል። ማዕበል ሲበረታ የውኃው ፍንጥቅጣቂ የመቃብሩን አጥር ይመታል። ከውስጥ ከጣሪያው ላይ የተንጠለጠለ የመርከብ ቅርጽ አለ። በጥንት ጊዜ ደወሉ በግቢው ውስጥ ከዛፍ ላይ ይሰቀል እንደነበርና ዓሣው እንዳይደነግጥ በሚል በአሳ ማስገሪያው ወቅት ይወርድ እንደነበር ይነገራል። ጸሎቱም እንጀራውም ከአንድ ባሕር ጋር የተሳሰረ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው የፎቶ አንሺዎች መናኸሪያ ወደቡን ከማዕበል የሚከላከለው ጠመዝማዛ ግንብ ነው። ውኃው ሲሞላ ግንቡን ከግራም ከቀኝም ያጥበዋል፤ ሲሸሽ ጭቃና የባሕር አረም ብቻ ይቀራል። ባሕሩ የሚሞላው በየ12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ ሰዓቱን አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል። እኔ ማለዳ፣ ፀሐይ ገና ዝቅ ብላ ሳለ ሄጄ ጥሩ ብርሃን አገኘሁ።

ከሁሉ የያዘችኝ ግን ከመንደሩ በስተምሥራቅ ብቻዋን የቆመችው የንፋስ ወፍጮ ናት። ስሟ ወፍጮ ይሁን እንጂ እህል ፈጭታ አታውቅም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የባሕር ውኃ እየሳበች ከሥሯ ለነበሩት ዘጠኝ የጨው ማፍያ ቤቶች ታቀርብ ነበር። በየቤቱ ሰፊ የብረት ምጣድ ተጥዶ፣ ከሥሩ የድንጋይ ከሰል ሌትና ቀን ይነድ ነበር። ከአንድ ሊትር የባሕር ውኃ የሚገኘው ጨው 35 ግራም ገደማ ብቻ ስለሆነ የሚጠይቀውን ማገዶና ላብ መገመት አያዳግትም። ዛሬ የቀሩት ሣር የለበሱ ጉብታዎችና የመሠረት ድንጋዮች ናቸው።

የጨው ሠራተኞቹ ታሪክ ግን በፎቶ አይታይም። እ.ኤ.አ. በ1606 በወጣ ሕግ የስኮትላንድ የከሰል ቆፋሪዎችና ጨው አፍዪዎች ከሥራ ቦታቸው ጋር የታሰሩ ነበሩ። ጌታቸው ሳይፈቅድ ሥራቸውን ትተው መሄድ አይችሉም፤ ንብረቱ ሲሸጥም ለአዲሱ ባለቤት አብረው ይተላለፉ ነበር። ይህን እስራት መፍታት የጀመረው ሕግ የወጣው በ1775 ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ ወፍጮዋን ብቻ ከሰማዩ ጋር አሳምሮ ማንሳት አልበቃኝ አለ። ጎንበስ ብዬ ጉብታዎቹን ከፊት፣ ወፍጮዋን ከኋላ አድርጌ አነሳሁ። ፎቶው ያን ያህል አያምርም፤ ነገር ግን ሥራው የት እንደነበር ያሳያል።

ወደቡ ዳር የተቀመጡ አንድ አዛውንት ካሜራዬን አይተው፣ «ወፍጮዋን አነሳህ?» አሉኝ። አዎ ስላቸው ሳቅ አሉ። «ሁሉም እሷን ያነሳል። ድሮ በዚህ ሁሉ ደጃፍ መረብ ይጠገን ነበር። እስቲ ማታ ውጣና መብራት የሚበራባቸውን ቤቶች ቁጠር።»

ማታ ወጣሁ። ከወደቡ ፊት ለፊት ያሉት ብዙዎቹ መስኮቶች ጨለማ ነበሩ። በዚህ ጠረፍ ብዙ ቤት ለበጋ ዕረፍት የሚመጡ ሰዎች ንብረት ወይም ለእንግዳ የሚከራይ ሆኗል። ትልልቆቹ የዓሣ ጀልባዎችም ከሄዱ ቆይተዋል። ግድግዳው በሚገባ ተጠብቋል፤ የጎደለው ሰው ነው።

የሚገርመው፣ በዚሁ አገር ፎቶግራፍ ገና ሲጀመር ካሜራው የዞረው ወደ ሰው ነበር። ሠዓሊው ዴቪድ ኦክታቪየስ ሂል እና በሴንት አንድሩስ አቅራቢያ የተወለደው ሮበርት አዳምሰን ከ1843 ጀምሮ በነበሩት ጥቂት ዓመታት በኤድንብራ አጠገብ ያለችውን የኒውሄቨን መንደር ዓሣ አጥማጆችና ቅርጫት ተሸካሚ ዓሣ ሻጭ ሴቶች አንስተዋል። ያኔ አንድ ፎቶ ለማንሳት ሰው በፀሐይ ፊት ሳይነቃነቅ መቆም ነበረበት። እነዚያ ሴቶች ስለቆሙ ዛሬ ልብሳቸውን፣ ቅርጫታቸውንና ፊታቸውን እናውቃለን። የሴንት ሞናንስን ጨው አፍዪዎች ግን ካሜራ ሳይደርስላቸው አለፉ።

በማግስቱ አዛውንቱን ከደጃፋቸው እንዳነሳቸው ጠየቅኋቸው። መጀመሪያ አመነቱ፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ገብተው የመረብ መጠገኛ መርፌያቸውን ይዘው ወጡ። እጃቸው ሥራውን አልረሳም። ከሁለት ቀን ፎቶዎቼ ሁሉ አትሜ በፖስታ የላክሁት እሱን ብቻ ነው።