ከየት የመጡ ነጥቦች?

አንባቢ ሆይ፤ በወረቀት ላይ ነጥብ ማሳረፍ ከቶ ምን ያስቸግራል ትል ይሆናል። እኔም ተማሪ ሳለሁ እንደዚሁ አስብ ነበር።

አሜሪካዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ጊልበርት ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1916 ባሳተመው ጽሑፍ የአቶምን ውጫዊ ኤሌክትሮኖች በነጥብ እየወከለ፣ አቶሞች ኤሌክትሮኖችን በመጋራት እንዴት እንደሚጣመሩ አሳየ። መምህራችን ይህንኑ ካስረዱን በኋላ፣ ሃይድሮጅንን የመሰሉት በሁለት ሲረኩ፣ ካርቦንና ኦክስጅን ግን በዙሪያቸው ስምንት ኤሌክትሮኖች ሲሟሉላቸው እንደሚረጉ ነገሩን። ከዚያም የካርቦን ዳይኦክሳይድን ሞለኪውል እንድንሥል አዘዙን።

እኔም ካርቦኑን ከመካከል፣ ሁለቱን ኦክስጅኖች ከግራና ከቀኝ አኖርሁ። በየመካከላቸው አንድ አንድ ጥንድ ነጥብ አስቀመጥሁ። ቀጥዬም እያንዳንዱ አቶም ስምንት እስኪሞላለት ድረስ በየዙሪያው ነጥብ ጨመርሁ። ሥዕሉ ያማረ ስለ መሰለኝ ከሁሉም ቀድሜ ደብተሬን ይዤ ቀረብሁ። መምህሩ ጥቂት ተመልክተው፣ «አራቱን ኤሌክትሮኖች ከየት አመጣሃቸው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ እኔም የምመልሰው አልነበረኝም።

እስቲ አብረን እንቁጠር። ካርቦን በውጫዊ ምሕዋሩ 4 ኤሌክትሮኖች አሉት፤ እያንዳንዱ ኦክስጅን ደግሞ 6። ድምሩ 16 ነው። በእኔ ሥዕል ላይ ግን 20 ነጥቦች ነበሩ። ትክክለኛው መንገድ መጨመር ሳይሆን መጋራት ነበር። ይኸውም ካርቦኑ ከእያንዳንዱ ኦክስጅን ጋር ሁለት ሁለት ጥንድ ሲጋራ፣ ለእያንዳንዱ ኦክስጅንም ሁለት ጥንድ ለብቻው ሲቀርለት፣ በ16ቱ ብቻ ሁሉም ስምንት ስምንት ይሞላለታል።

ያን ዕለት ያፈርሁት ጥያቄው ስለ ከበደኝ አልነበረም። መድረሻውን አስቀድሜ ዐውቄ፣ ወደዚያ ለመድረስ ስል የሌለኝን በመጨመሬ ነበር። እንዲህ ያለው ፈተና በሒሳብም፣ በድርሰትም፣ በምስክርነትም ያጋጥማል።

ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፤ ከመሣልህ በፊት ያለህን ቁጠር፤ ሥለህ ስትጨርስም መልሰህ ቁጠር። እያንዳንዱ ነጥብ ከየት እንደ መጣ መናገር ካልቻልህ፣ ሥዕልህ ምንም ቢያምር ገና አላለቀም።