ከጆንያ የወደቀች ፍሬ

በመርካቶ በርበሬ በረንዳ ጆንያ በተፈታ ቁጥር አላፊ አግዳሚው ያስነጥሳል፤ መሬቱም ላይ ቢጫ ፍሬ ይበተናል። ተጠርጎ የሚጣል ነው። እኔ ግን ባለፈው የካቲት ከማረቆው ዛላ ሥር አንድ እፍኝ ለቅሜ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ቤቴ የኪራይ ነው፤ ግቢውም ሲሚንቶ የለበሰ ስለሆነ ለአንዲት ችግኝ የሚበቃ አፈር የለውም። ስለዚህ ከምናለሽ ተራ ሦስት አሮጌ የዘይት ጣሳዎች ገዛሁና ታቸውን በምስማር በሳሁ፤ ያልተበሳ ጣሳ ውሃ ቋጥሮ ሥር ያበሰብሳልና። አፈርና የከብት ፍግ ቀላቅዬ ሞላሁባቸው። በፀሐይ የደረቀ በርበሬ ፍሬው አይሞትም፤ በቀለ።

ፈተናው ብርድ ሆነ። የበርበሬ የትውልድ አገሩ አሜሪካ ነው፤ ሙቀት ይወዳል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት አዲስ አበባ በነሐሴ ሌሊት ለአበባው አትራራም። ሁለት ጊዜ ረገፈ። ማታ ማታ ጣሳዎቹን ወደ ውስጥ ማስገባት ጀመርሁ፤ ባለቤቴም «እንግዶችህ ገቡ?» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

በጥቅምት አራት ቃሪያ ታየ። በዚያው ሰሞን አከራያችን ቤቱን እንድንለቅ ነገሩን። ዕቃ ሲጫን ከአልጋው አስቀድሜ ያወጣሁት ጣሳዎቹን ነበር። ሹፌሩ «ጋሼ፣ ይህ ቆርቆሮ ደግሞ ምን ያደርጋል?» ቢለኝ አንዷን ቃሪያ ቆርጬ ሰጠሁት።