ማሽኗ አልሞተችም

ነገሩ ወዲህ ነው። የዶርም ጓደኛዬ አንዲት አሮጌ ላፕቶፕ አለችው፤ ቤይሩት ሰው ቤት የምትሠራ እኅቱ በሰው እጅ የላከችለት ናት። ራሟ ሁለት ጊጋባይት፤ ባትሪዋ ከሞተ የሰነበተ፤ ገመዷ ከሶኬት ከተነቀለ በዚያው ቅጽበት ድርግም የምትል። በላይዋ የነበረው ዊንዶውስ 7 ሲሆን፣ እሱም ከጥር 2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሠሪው ድጋፍ የተቋረጠበት ነው። አንድ ገጽ እስኪከፈት ድረስ ቡና ተወቅጦ፣ ፈልቶ፣ አቦሉ ይጠጣ ነበር ብል ብዙም አላጋነንኩ።

«ምነው ሊኑክስ ብጭንልህ?» አልኩት።

«ጽሑፌስ?» አለኝ። የመመረቂያ ጽሑፉ አርባ ገጽ ደርሶ እዚያው ማሽኗ ውስጥ ነው።

«ዲ ድራይቭን አልነካውም፤ በኔ ይሁንብህ!»

ፍላሽ ላይ እንገልብጠው ያለ ግን አልነበረም፤ እኔም አላልኩ፣ እሱም አላለ። በኔ ይሁንብህ ማለት እንዴት ቀላል ነው!

ሊኑክስን የጀመረው የኛው ቢጤ ተማሪ ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 (እ.ኤ.አ.)፣ በ21 ዓመቱ፣ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በገዛ ማሽኑ ላይ ጻፈው። እኔም ይኸን ታሪክ በዶርማችን ስሰብክ ስሰብክ፣ ራሴን የሰውዬው ታናሽ ወንድም አድርጌ ሳልቆጥር አልቀረሁም።

ልጭን ስነሣ ገና ከጅምሩ ስክሪኑ ጨለመብኝ። አጥፍቼ እንደገና አስነሣሁና ከመነሻው ዝርዝር ውስጥ ሁለተኛውን፣ ለአስቸጋሪ ማሽኖች ተብሎ የተቀመጠውን ምርጫ ነካሁ። ሠራ። ለምን እንደ ሠራ አልጠየቅኩም። አንባቢ ሆይ፣ ይችን ነገር ልብ በልልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ጭነቱ አለቀ። «በል እንግዲህ እይ!» ብዬ ባስነሣት፣ የፋብሪካው አርማ ቦግ አለ፤ ግሩብ የሚባለው የመምረጫ ሰሌዳ መጣ፤ ጥቂት ነጫጭ ፊደላት ወረዱ፤ ከዚያ ጨለማ። ደግሜ ባስነሣ ያው። አሥር ጊዜ ባስነሣ ያው። ጓደኛዬ አልጋው ላይ ተቀምጦ ያየኛል፤ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግሥቱ አንድ ጥገና ቤት ወሰድናት። ባለሙያው አንድ ጊዜ ከፈት አድርጎ አየና፣ «ስክሪኗ ተቃጥሏል፤ መቀየር ነው» አለ። የጠራው ዋጋ የሁለታችን የኪስ ገንዘብ ቢደመር ግማሹን አይሞላም። ስንመለስ ጓደኛዬ መንገድ ላይ፣ «አሁን እኅቴን ምን እላታለሁ?» አለ። የተናገረው ለኔ አልነበረም፤ ለራሱ ነው። ጽሑፉን ለማስረከብ የቀረው ሁለት ሳምንት ነው።

የዚያን ሌሊት ልጆቹ ስለ ተኙ የዶርሙ መብራት ጠፍቷል። እኔ ግን እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ እንደገና አስነሣኋት። የገመዷን ጫፍ ለማስተካከል የስልኬን ባትሪ ሳበራ፣ ብርሃኑ በሰያፍ ስክሪኑ ላይ ዐረፈ። ምን ልይ? ከጥቁሩ ውስጥ እንደ ጥላ የደበዘዘች ሳጥን፣ የይለፍ ቃል የምትጠይቅ! ማሽኗ አልሞተችም። ተነሥታ፣ ሥራዋን ጨርሳ፣ ቁጭ ብላ እኔን ትጠብቃለች።

የነዚህ አሮጌ ላፕቶፖች ስክሪን በራሱ አይበራም። ሥዕሉን የሚሠራው መስተዋት ሌላ፣ ከኋላው የሚያበራለት ቀጭን የፍሎረሰንት ዘንግ ሌላ ነው። ዘንጉ ሲሞት ሥዕሉ አለ፣ ግን አይታይም። እንግዲያ ባለሙያው እውነቱን ነው ልል ስል፣ አርማው ትዝ አለኝ። ዘንጉ ከተቃጠለ አርማው በምን ብርሃን ይታያል? ያረጀ ዘንግ ጥቂት ሰከንድ በርቶ ሊጠፋም ይችላልና፣ ለማረጋገጥ ግሩቡ ሰሌዳ ላይ አቁሜያት ሩብ ሰዓት ጠበቅሁ። አልጠፋችም። እንግዲህ መብራቱ ደኅና ነው፤ የሚያጠፋው አለ ማለት ነው። የሚያጠፋውም እኔው የጫንኩት ሊኑክስ ነው።

ሰሌዳው ላይ «ኢ» የምትለውን ፊደል ስትጫን የማስነሻው ትእዛዝ ይከፈትልሃል። «ሊኑክስ» ብሎ በሚጀምረው መሥመር መጨረሻ ላይ «ኖሞድሴት» የምትል ቃል ጨምሬ (የምትተየበው በላቲን ፊደል ነው) ኮንትሮልና ኤክስን ተጫንኩ። በራች! ግን ምን ያደርጋል፣ ሥዕሉ ተለጥጧል፤ ፊደሉ ወፍሯል፤ መስኮቱ ሲጎተት ይንቀጠቀጣል። ከ2009 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የስክሪኑን መጠን ማስተካከል የከርነሉ የራሱ ሥራ እየሆነ መጥቷል፤ ይች ቃል «ተው፣ አትንካው፣ እንደ ነበረ ይቆይ» የምትለው ናት። መድኃኒት አይደለችም፤ በሽታው የት እንዳለ ግን ትጠቁማለች። ያ ስጭን የነካሁት ሁለተኛ ምርጫም ለካ ይችኑ ቃል ነበር በስውር የሚጨምረው! ምልክቱን ገና ከመጀመሪያው አይቼው ነበር፤ ስለ ሠራልኝ ብቻ ዝም ብዬ አለፍኩት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሉ የለ።

በነዚህ ማሽኖች ላይ የኋላውን መብራት የሚያዘው አንድ አይደለም፤ አብሮ የተሠራው ፈርምዌር አለ፣ የሠሪው ድራይቨር አለ፣ የግራፊክሱ ድራይቨር አለ። ከርነሉ ከነዚህ አንዱን ይመርጣል፤ ምርጫውን ከሳተ ስክሪኑ ጨልሞ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ኖሞድሴትን ሰርዤ በምትኩ «ኤሲፒአይ_ባክላይት=ቪዲዮ» ብዬ ጻፍኩ፤ ጨለማ። «ቪዲዮ» የሚለውን «ቬንደር» በሚል ቀየርኩ፤ ቦግ! ሥዕሉም ልኩን ይዞ፣ ፊደሉም ጥርት ብሎ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። እንዲህ በሰሌዳው ላይ የተጻፈ ነገር ለአንድ መነሣት ብቻ ነው የሚያገለግል፤ ስለዚህ በግሩብ ማስተካከያ ፋይል ውስጥ ጻፍኩትና «አፕዴት-ግሩብ» በሚለው ትእዛዝ አጸናሁት።

ጓደኛዬን ቀሰቀስኩት። ዐይኑን እያሸ መጥቶ ተቀመጠ። ዲ ድራይቭን ከፈትኩለት፤ አርባውም ገጽ አለ። ከላይ እስከ ታች እያወረደ ሲያየው፣ ከትናንት ጀምሮ ጉሮሮዬ ላይ የቆመውን ነገር አወጣሁት።

«ይቅርታ። የማላውቀውን ዐውቃለሁ ብዬህ ነው።»

መልስ አልሰጠኝም። ጥቂት ቆይቶ፣ «ፍላሽ አለህ?» አለኝ።

ብርሃን መቀነሻዋ ቁልፍ እስከ ዛሬ አትሠራም። ሌሊት ቁጭ ብሎ ሲጽፍ ዶርሙ እንደ ቀን ይበራል፤ ልጆቹም «ኧረ አጥፋልን!» እያሉ ያጉረመርማሉ። እኔ ብቻ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ ዝም እላለሁ።